ለአንታርክቲካ የተሠራ ሰዓት ጅማ ላይ ሲገኝ

ጅማ ውስጥ በሂርማታና በመርካቶ ዙሪያ የእጅ ሰዓት የሚሠሩ ባለሙያዎች ሰሞኑን አንድ ጥያቄ እየተደጋገመባቸው ነው፤ «የድሮ የሩሲያ ሰዓት የሚሸጥ ሰው ታውቃለህ?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያሳያሉ። ፎቶው ላይ ያለው ሰዓት ከሩቅ ሲያዩት ተራ የሚሞላ ሰዓት ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ግን ቁጥሮቹ 12 ላይ አያበቁም፣ እስከ 24 ይዘልቃሉ። ስሙ ራኬታ ነው፤ እንዲሠራ ምክንያት የሆኑትም በደቡብ ዋልታ ወዳለው በረዷማ አህጉር፣ ወደ አንታርክቲካ፣ የተጓዙ የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪዎች ናቸው።

እንዲህ ያለ ሰዓት ጅማ ድረስ መምጣቱ ሊያስገርም አይገባም። በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው ሕክምና፣ ግብርና፣ ምሕንድስናና ውትድርና ተምረዋል። ሲመለሱ ከመጻሕፍቱ ጋር ካሜራ፣ ራዲዮና ሰዓት ይዘው ነው የመጡት። ጅማ ደግሞ የግብርና ኮሌጅ፣ በኋላም የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት የነበራት፣ የተማረ ሰው የሚመደብባት ከተማ ነበረች። እነዚያ ሰዎች ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል፤ ያረፉም አሉ። ሰዓቶቹ በልጆቻቸው እጅ ገብተዋል። ልጆቹም ገዢ ሲመጣ ምን እንደያዙ ሳያውቁ ይሸጣሉ፤ ወይም የተሻለ ዋጋ እንዲያወጣ ብለው «አሳድሰውት» ያበላሹታል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል፤ ሁለተኛው ግን ይብሳል፤ ምክንያቱም የተሸጠ ሰዓት ሌላ ቦታ ሆኖም ይኖራል፣ ፊቱ የተፋቀ ሰዓት ግን የነበረውን መረጃ ይዞ ይጠፋል።

24 ቁጥር ለምን አስፈለገ?

ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ናት። በዚህ ቦታ የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን ልዩነታቸው አንድ ሰዓት አይሞላም። ክረምትም ሆነ በጋ ፀሐይ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ሰዓት ብዙ አይዋዥቅም። ከንጋት ጀምረን 12፣ ከምሽት ጀምረን ደግሞ 12 ብለን ስንቆጥር ሰማዩ ራሱ ያግዘናል። ባለ 12 ቁጥር ሰዓት አራት ሰዓት ቢል፣ ረፋድ ይሁን ሌሊት ለማወቅ በመስኮት ማየት ይበቃል።

ደቡብ ዋልታ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ልክ ዋልታው ላይ ፀሐይ በዓመት አንድ ጊዜ ትወጣለች፣ አንድ ጊዜ ትጠልቃለች። የሶቪየቶቹ ቮስቶክ ጣቢያ ከዋልታው 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅም፣ እዚያም ፀሐይ ለወራት ብቅ ሳትል፣ ለወራትም ሳትጠልቅ ትከርማለች። በዚያ ቦታ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ሰዓቱ አራት ቢልለት የትኛው አራት እንደሆነ የሚነግረው ነገር የለም። የአየር ጠባይ ልኬት የሚመዘገበው በተወሰነ ሰዓት ነው፤ ሬዲዮው የሚከፈተውም እንዲሁ። ቀኑን ከሌሊቱ ያምታታ ሰው የጣቢያውን መዝገብ ያፋልሳል።

ለዚህ ነው በሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ አጠገብ፣ በፒተርሆፍ የሚገኘው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ፣ ለ16ኛው የሶቪየት የአንታርክቲካ ጉዞ፣ ሰዓት ቆጣሪው (አጭሩ ዘንግ) በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞር ራኬታ የሠራው። ፋብሪካው በ1721 በታላቁ ጴጥሮስ ዘመን የከበሩ ድንጋዮች የሚቆረጡበት ሆኖ የተመሠረተ ነው፤ ሰዓት መሥራት የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን ራኬታ የሚለው ስም የመጣው ደግሞ ዩሪ ጋጋሪን በ1961 ጠፈር ከደረሰ በኋላ ነው። ውስጡ ያለው ማሽን ቁጥሩ 2623 ነው። በእጅ የሚሞላ፣ በሰዓት 18,000 ጊዜ የሚመታ ነው። ከተራው ራኬታ የሚለየው በጥቂት ነገር ነው፤ ቁጥሮቹ ካሉበት ፊት ሥር ያሉት የጎማዎቹ ጥርሶች፣ ደቂቃ ቆጣሪው 24 ዙር ሲዞር ሰዓት ቆጣሪው አንድ ዙር እንዲዞር ሆነው ተቆርጠዋል። ተራው ሰዓት ላይ 12 ለአንድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ እኔ በጣም ደስ የሚለኝም እሱ ነው። ይህን ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስተካክሉት፤ 24 ቁጥር ላይኛው ጫፍ ላይ ናትና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቆጣሪው ወደ ላይ ይቆም፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ደግሞ ወደ ታች። ያን ጊዜ የሰዓቱ ቀኝ ግማሽ ቀን ይሆናል፣ ግራው ግማሽ ሌሊት። ጅማ ላይ ፀሐይ ትንሽ ዘግየት ትላለች፤ የአገራችን ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ሲሆን ጅማ ያለችው ግን ወደ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሚታሰብ ግማሽ ሰዓት ገደማ ወደኋላ ትቀራለች። ስለዚህ ንጋቱ እንደየወሩ ከ12 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይወዛወዛል። ያም ሆኖ ክፍፍሉ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ቀንና ሌሊት በማይለይበት ምድር ቁጥር ብቻውን እንዲለየው የታሰበ ፊት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚካፈሉበት በእኛ ሰማይ ሥር ደግሞ ቀኑን ራሱን በሥዕል ያሳያል። ለልጆች የሰዓት አቆጣጠር የሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አያገኝም።

ብርዱ ሰዓትን ምን ያደርገዋል?

ስለ ዋልታ ሰዓት ሲወራ ሁሉም የሚያስበው ስለ ቀፎው፣ ማለትም ማሽኑን ስለሚሸፍነው የውጭ አካል፣ ጥንካሬ ነው። ብርድ ግን ቀፎ አይሰብርም፤ ዘይት ያወፍራል። በቮስቶክ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 1983 ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። በሰዓት ውስጥ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዘው ቀለበት ያረፈችበት ጫፍ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። እዚያ ላይ ያለች የዘይት ጠብታ ስትወፍር ቀለበቷ ውዝዋዜዋ ያጥራል፣ ሰዓቱ ይዛባል፣ በመጨረሻም ይቆማል። ስለዚህ ወደ ብርድ የሚሄድ ሰዓት ዘይቱ ተመርጦ፣ አንዳንድ ቦታ ላይም ተቀንሶ ነው የሚገባለት።

ሁለተኛው ችግር ቀለበቷን የምታወዛውዘው ቀጭኗ ሞላ ናት። የብረት ሞላ በሙቀት ትለሰልሳለች፣ በብርድ ትጠነክራለች፤ በድሮዎቹ ሰዓቶች ላይ የአንድ ዲግሪ ለውጥ ብቻ በቀን 10 ሰከንድ ገደማ ያዛባ ነበር። ይህን ያቃለለው የስዊሱ ፊዚክስ ሊቅ ሻርል ኤድዋርድ ጊዮም ነው፤ ሙቀት የማይለዋውጣቸውን የኒኬልና የብረት ቅይጦች አጥንቶ በ1920 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ያለ እሱ ሥራ የዋልታ ሰዓት የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሌላም አለ። ሰዓቱ እጅ ላይ፣ ከኮት ሥር እስካለ ድረስ የሰውነት ሙቀት ይጠብቀዋል። አደጋው የሚመጣው ከውጭ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ ነው፤ የክፍሉ አየር በቀዘቀዘው ብረት ላይ ውኃ ይሆናል፣ ክዳኑን የሚያሽገው ጎሚኒ ከላላ ደግሞ ውስጥ ይገባል። በረዶ ያልጎዳውን ማሽን የክፍሉ እንፋሎት ያዝገዋል።

ዋልታ ደርሰው የመጡ ሰዓቶች ሁሉ ለዋልታ የተሠሩ አልነበሩም፤ ገዢም ሻጭም ይህን መለየት አለበት። የስዊሱ ሰዓት አምራች ቱዶር እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1954 በተካሄደው የብሪታንያ የሰሜን ግሪንላንድ ጉዞ ለተሳተፉ ሰዎች የሰጠው ኦይስተር ፕሪንስ፣ ሱቅ ውስጥም የሚሸጥ ሰዓት ነበር። የተለየ ያደረገው ተጓዦቹ ትክክለኛነቱን እየተከታተሉ እንዲመዘግቡ መደረጉ ነው። ኒቫዳ አንታርክቲክ የሚባለውም በ1955 እና 1956 ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የዋልታ ዘመቻ ጋር ሄደ፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ስም ለሁሉም ሰው ተሸጠ። ሮሌክስ በ1971 ያወጣው ኤክስፕሎረር 2 ደግሞ ተጨማሪ ባለ 24 ሰዓት ቆጣሪ አለው፤ ዋሻ ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች የታሰበ ሲሆን ለዋልታም የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም ችግሩ ያው የጨለማ ችግር ነው።

በምሕንድስናው ከሁሉም የማስበልጠው የሌላውን የስዊስ አምራች፣ የዣገር ለኩልትርን፣ ጂኦፊዚክ ነው። በ1958 ወጣ፤ ማሽኑን ከማግኔት የሚከላከል የለስላሳ ብረት ሽፋን ውስጡ አለው፤ መለኪያ መሣሪያዎች አጠገብ ለሚውል ተመራማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስሙን የሰጠው ከሐምሌ 1957 እስከ ታኅሣሥ 1958 እ.ኤ.አ. የተካሄደው፣ ብዙ አገሮች ምድርን በጋራ ያጠኑበት ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው። በዚያው ዘመን፣ በነሐሴ 1958፣ ናውቲለስ የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ከበረዶው ሥር በሰሜን ዋልታ አለፈች፤ አዛዧ ዊልያም አንደርሰንም ይህ ሰዓት ተበርክቶለታል። ለእኛ ግን ከዚህ የሚቀርበን ሌላው የታሪኩ ክፍል ነው። ያው ዓለም አቀፍ ዓመት ነበር አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ (የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1957 እንዲቋቋም ምክንያት የሆነው። አባ ፒየር ጉዊን የመሠረቱት ይህ ጣቢያ የተፈለገው አገራችን ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ፣ ማለትም የምድር ማግኔታዊ ጉልበት ወደ ላይም ወደ ታችም ለማያዘነብልበት መስመር፣ ቅርብ በመሆኗ ነው። አንዱ ቡድን በዋልታ በረዶ ላይ ሲለካ ሌላው አዲስ አበባ ላይ ይለካ ነበር፤ ውጤቱ የሚነጻጸረው ሁለቱም በአንድ የሰዓት አቆጣጠር ሲመዘግቡ ነው። ስለዚህ የዋልታ ሰዓት ታሪክ ኢትዮጵያን አይመለከትም የሚለኝን ሰው አልቀበለውም።

አሁን ለምን ዋጋ አወጣ?

ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ወደ አሮጌው ታሪካቸው መመለሳቸው ነው። ዣገር ለኩልትር እ.ኤ.አ. በ2014 የ1958ቱን ጂኦፊዚክ የሚያስታውስ ሰዓት አወጣ፤ ቱዶር በ2022 የግሪንላንዱን ጉዞ 70ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ራንጀርን አወጣ፤ ራኬታም ባለ 24 ሰዓቱን ዛሬም እየሠራ ይሸጣል። አዲሱ ሲተዋወቅ አሮጌውን የሚፈልግ ሰው ይበዛል።

ሁለተኛው የእኛው ጉዳይ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ውጭ አገር ያለ ሰብሳቢ የሚከፍለው ዶላር ባይጨምርም በብር ሲመነዘር እጥፍ ሆነ። ደላላው ይህን ያውቃል። የሟች አባቱን ሰዓት የሚሸጠው ልጅ ግን የሚያስበው ከአምስት ዓመት በፊት በሰማው ዋጋ ነው። በዚህ መካከል ያለው ልዩነት የሚገባው ለደላላው ነው፤ ይህ ደግሞ ዓይን ያወጣ ብልጣብልጥነት ነው እላለሁ።

አንድ ራኬታ ጅማ ውስጥ ሲከፈት አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ያመጣው ወጣት አባቱ ሌኒንግራድ ግብርና የተማሩ ናቸው። ቀፎው ክሮም የተቀባ ናስ ነው፤ ቺንጊያው በሚታሰርበት ጥግ ላይ ላብ ክሮሙን በልቶት ቢጫው ናስ ብቅ ብሏል። ነጭ የነበረው ፊቱ ቅቤ መስሏል፤ 17 ቁጥር አጠገብ እርጥበት የጣለው ቡናማ ነጥብ አለ። ሰዓት ሠሪው የኋላ ክዳኑን ከፍቶ ማጉያውን ዓይኑ ላይ አደረገና ክዳኑን ወደ ብርሃን አዘነበለው። የክዳኑ ውስጥ በመርፌ የተጫረ ቀንና ፊርማ ነበረበት፤ ከዚህ በፊት የከፈተው ባለሙያ ምልክት ነው። ማሽኑ ንጹሕ ነው፤ ዘይቱ ግን ደርቆ ሙጫ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ይቺን ነጥብ አጥፍተህ ቀፎውን ፖሊሽ ብታደርግልኝ» አለ ልጁ።

«ነጥቡን ካጠፋሁት ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል» አለው ሰዓት ሠሪው። «ፊቱን ተወው። ማሽኑን ልጠብልህና ዘይቱን ልቀይርልህ።»

ልጁ ትንሽ አመነታና ተስማማ። ባለሙያው ትክክል ነበር። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያልተነካ ፊት ነው፤ ኅትመቱ ከፋብሪካ እንደወጣ የቀረ፣ እርጅናው ከቀፎው እርጅና ጋር የሚመሳሰል። ፊቱ ከፀዳ ወይም እንደገና ከታተመ በኋላ ሰዓቱ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ከባድ ነው። ይህም የሆነው በገበያው ላይ ቆይተው የታተሙ «አንታርክቲካ» የሚሉ ፊቶች ስለበዙ ነው፤ ተራ ራኬታ ላይ ይገጠሙና በዋልታ ስም ይሸጣሉ።

ክዳን ሳይከፈት ይህን የምንለይበት መንገድ አለ። መሙያውን ሳብ አድርጎ ደቂቃ ቆጣሪውን 12 ሙሉ ዙር ማዞር ነው። ትክክለኛው ባለ 24 ሰዓት ማሽን ከሆነ ሰዓት ቆጣሪው ግማሽ ክብ ብቻ ይሄዳል፤ ከ24 ተነስቶ 12 ላይ ይቆማል። ሙሉ ዙር ዞሮ ወደ ተነሳበት ከተመለሰ ከሥሩ ያለው ተራ ማሽን ነው፤ ፊቱ የተዋሰው ፊት ነው። ይህ የሚፈልገው ደቂቃዎችን ብቻ ስለሆነ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ማንም ሊያደርገው ይችላል። ክዳኑ ከተከፈተ ደግሞ ማሽኑ ላይ የተመታውን 2623 የሚል ቁጥር ማየት ነው።

የጅማ እርጥበትና የሚያበራው ቀለም

የዋልታ ሰዓት ለብርድ ይዘጋጃል፤ ጅማ ላይ ግን ጠላቱ ዝናብ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ክረምት ላይ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ የቆዳ ጫማ እንኳን ይሻግታል። ከጨርቅ ጋር ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሰዓት ጨርቁ የያዘውን እርጥበት ሁሉ ይጠጣል። የቆዳ ቺንጊያውን አውልቆ ለብቻ ማስቀመጥ፣ ሰዓቱን ደግሞ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማና ቦርሳ ጋር ከምትመጣው እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ጋር ማኖር ይበቃል። በወር አንድ ጊዜ መሙላትም ጥሩ ነው። መስታወቱ ከውስጥ ጭጋግ ካሳየ ግን ፀሐይ ላይ ማስጣት አይረዳም፤ በዚያው ቀን ማስከፈት ነው።

በጨለማ ስለሚያበራው ቀለም ጠበቅ አድርጌ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በተሠሩ ብዙ ሰዓቶች ቁጥርና ቆጣሪ ላይ የተቀባው ቀለም ራዲየም አለበት። ራዲየም ጨረር አመንጪ ነው፤ ግማሹ ለመጥፋት 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ከጊዜ በኋላ ማብራት የሚያቆመው አብሮት የተቀላቀለው ንጥረ ነገር ስለሚያረጅ ነው፤ ጨረሩ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ «ሞቷል፣ አያበራም» ተብሎ በካቻቢቴ ጫፍ የሚፋቅ ቀለም ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። በተዘጋና መስታወቱ ባልተሰበረ ሰዓት ውስጥ ያለው አደጋ አነስተኛ ነው፤ ሲፋቅ ነው የሚከፋው። አየር በማይገባባት ትንሽ ኪዮስክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ ሰዓት ሠሪ ይህ የጤና ጉዳይ ነው፤ ሥራውን ለሚማሩ ወጣቶችም ከመጀመሪያው ሊነገራቸው ይገባል። ቡናማ ሆኖ የተሰነጣጠቀ ቀለም ያለበትን ፊት አለመንካት፣ ከተነካም አለመንፋት፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ እጅ ሳይታጠቡ ምግብ አለመብላት ያስፈልጋል።

ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ? ይህ የባለቤቱ ውሳኔ ነው፤ ለትምህርት ቤት ክፍያ ሲል አባቱ የተወለትን ሰዓት የሸጠ ሰው ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን ከመሸጡ በፊት ሊሠራ የሚገባው ሥራ አለ። የሶቪየት ሰዓቶች ሲሸጡ ፓስፖርት የሚባል ትንሽ ወረቀት አብሯቸው ይሰጥ ነበር፤ የተሸጡበት ቀንና ማኅተም አለበት። ያ ወረቀት ከድሮ ሰነዶች መካከል ይፈለግ። አባትየው ሰዓቱን አድርገው የተነሡት ፎቶ ካለ፣ የተማሪነት መታወቂያ ካለ፣ አብሮ ይቀመጥ። ባለቤቱ በሕይወት ካሉ የት እንደገዙት፣ በስንት ሩብል፣ ማን እንደመከራቸው ጠይቆ ድምፃቸውን በስልክ መቅዳት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ሰብሳቢዎች ለእንዲህ ያለ ማስረጃ ተጨማሪ ይከፍላሉ፤ ቤተሰቡ ላለመሸጥ ቢወስንም ቅጂው ለልጅ ልጅ ይቀራል። የጅማ ሙዚየም በአባ ጅፋር ዘመን ቅርሶቹ የታወቀ ነው፤ ሌኒንግራድና ኪየቭ ተምረው የተመለሱት ሰዎች ታሪክ ግን ዛሬም በአብዛኛው ያለው በየሳሎኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። አንድ ቀን የሚሰበስበው ሰው ቢመጣ የሚያገኘው ዛሬ ያልተጣለውን ብቻ ነው።

ሰዓት ሠሪዎቻችንንም የምለምናቸው ነገር አለ። ከአሮጌ ሰዓት ላይ የወለቀ ማንኛውም ዕቃ፣ የተሰበረ መስታወት እንኳን ቢሆን፣ የቤተሰቡ ንብረት ነው፤ በፖስታ አድርጎ መመለስ ይገባል። የተቀየረው ምን እንደሆነም ክዳኑ ውስጥ ከመጫር ይልቅ በወረቀት ላይ ተጽፎ ቢሰጥ፣ ከእነሱ በኋላ የሚከፍተው ባለሙያ የትኛው ዕቃ ከፒተርሆፍ እንደመጣ፣ የትኛው ደግሞ ጅማ ላይ እንደተገጠመ ያውቃል።